ንጉሡ ያልጨረሰው ቤት

ይህን ንግግር ያቀረብሁት ለሥነ ሕንፃ ተማሪዎች ነው። በቃል የተናገርሁትን ወደ ጽሑፍ ስመልሰው ጥቂት ነገር ጨምሬበታለሁ፤ ከአድማጭ የመጡ ሁለት ጥያቄዎችንም በየቦታቸው አስገብቻለሁ። የአውሮፓን ነገር ስናገር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ወደ አገራችን ስመለስ በራሳችን እቆጥራለሁ።

ሰሜን ጣሊያን ውስጥ ካለችው ከቱሪን ከተማ ወደ ምዕራብ የሚወጣ አንድ መንገድ አለ። ከአሥር ኪሎ ሜትር በላይ እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ ብሎ ይሄድና ወደ አንድ ኮረብታ ያደርሳል። በ1711 ያስቀየሰው የአገሩ ገዢ ቪቶሪዮ አሜዴዎ ዳግማዊ ነው። ዓላማው ለእኔ ግልጽ ይመስለኛል፤ ከተማ ውስጥ ያለ ሰው ቀና ባለ ቁጥር የጌታውን ቤት ከኮረብታው ላይ እንዲያይ ነው። ቤቱ ሪቮሊ ይባላል። ያን አገር ይገዛ የነበረው የሳቮያ ቤተሰብ መሳፍንት መኖሪያ ነበረ፤ ዛሬ የዘመናችን ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው።

እኔ በዚያ መንገድ የሄድሁት በኅዳር ወር፣ ጭጋግ በወረደበት ቀን፣ በአውቶቡስ ነው። አብሮኝ የነበረው ያገሬ ልጅ ሲሆን ቱሪን ውስጥ በግንበኝነት ይተዳደራል። ኮረብታውን ወጥተን ግቢው ውስጥ ስንቆም ከፊታችን አንድ ግዙፍ የጡብ ግድግዳ ተደቀነ። ልስን የለውም፣ ጌጥ የለውም። ከሥሩ ጣሪያ የሌለው ሰፊ ቦታ አለ፤ ወፋፍራም ምሰሶዎች ከመሬት ተነሥተው ሽቅብ ሲያድጉ ድንገት ይቆማሉ፣ በመጋዝ የተቆረጠ የጽድ ግንድ ይመስላሉ። ግድግዳው ላይ ቀጣዩ ግንብ ሊያያዝበት የታሰበው የጡብ ጥርስ እንደ ተንጋጠጠ ቀርቷል። ወዳጄ እጁን በኪሱ ከቶ ላይ ታች አየና፦

«ኮንትራክተሩ ቅድሚያ ክፍያውን ይዞ ጠፋ እንዴ?» አለ።

ብዙ የሥነ ሕንፃ ሊቃውንት ስለዚህ ቤት ጽፈዋል። የወዳጄን ያህል ወደ ነገሩ እምብርት በቀጥታ የገባ አላየሁም። እውነትም ሥራው ቆሞ የቀረ ነው። እኔ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም ከሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ አንድ አርክቴክት እዚያ ግድግዳ ፊት ቆሞ «አልጨርሰውም» ስላለበት ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ ግን ለምን ቆሞ እንደ ቀረ። ሳቮያዎች ለብዙ ዘመን መስፍን እንጂ ንጉሥ አልነበሩም። ሪቮሊን ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ይዘውታል፤ ከመሳፍንቱ አንዱ ካርሎ ኢማኑኤሌ ቀዳማዊ በ1562 የተወለደው እዚያው ነው። እርሱ ሥዕል ይወድ ነበርና ስብስቡን የሚያኖርበት አንድ ረጅም ክንፍ ከቤቱ ጎን እንዲሠራለት አደረገ። ርዝመቱ ወደ 140 ሜትር፣ ስፋቱ ግን 7 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሰዉ «ረጅሙ እጅጌ» ይለዋል፤ በእርግጥም ከኮቱ ተቀድዶ የወደቀ እጅጌ ይመስላል። ይህን እጅጌ አትርሱት፣ እንመለስበታለን። በ1693 የፈረንሳይ ጦር መጣና ቤተ መንግሥቱን አቃጠለው።

ከዚያ በ1713 ቪቶሪዮ አሜዴዎ በዩትሬክት ውል የሲሲሊ ንጉሥ ሆነ። ጥቂት ቆይቶ ሲሲሊን ሰጥቶ ሰርዴንያን ተቀበለ፤ ንጉሥ የሚለው ስም ግን አብሮት ቀረ። አዲስ ንጉሥ እንደ አዲስ ሙሽራ ነው፣ ቤቱ ያንሰዋል። ፊሊፖ ዩቫራ የሚባለውን የመሲና ሰው አስጠራ። ዩቫራ ሮም ውስጥ ለቲያትር መድረክ ትዕይንት ሲሠራ የኖረ አርክቴክት ነው፤ ሕንፃዎቹን ሁሉ መጋረጃ ሊገለጥላቸው እንደ ተዘጋጁ አድርጎ ይሠራ ነበር። በ1718 ሪቮሊን ጀመረ። ያሰበው መሐል ላይ ግዙፍ መግቢያ ያለው፣ ግራና ቀኙ እኩል የሆነ፣ ከቱሪን ድረስ የሚታይ ቤተ መንግሥት ነበር። ከእንጨት የተሠራው ሞዴል እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ሞዴሉን ዞር ዞር ብላችሁ ካያችሁ በኋላ በመስኮት ወደ ውጭ ስትመለከቱ የተሠራው ሲሦው ብቻ መሆኑን ትረዳላችሁ። ንጉሡ ሌሎች ሥራዎችም ጀምሮ ነበር፤ ገንዘቡም ልቡም ወደዚያ ሄደ። ወዳጄ የጠረጠረው ኮንትራክተር የለበትም፣ ባለቤቱ ራሱ ነው የተወው።

ባለቤቱ ግን ወደ ቤቱ ተመልሶ መጥቷል፤ አመጣጡ ያሳዝናል።

በ1730 ቪቶሪዮ አሜዴዎ ዙፋኑን በፈቃዱ ለልጁ ለካርሎ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ ለቀቀ። የሚወዳትን ሴት አገባ፣ ወደ ሻምቤሪ ሄዶ ተቀመጠ። ዓመት ሳይሞላው ጸጸት ያዘው። ልጁ ደካማ ነው፣ አማካሪዎቹ አይረቡም እያለ ዘውዱን መልሱልኝ ማለት ጀመረ። በመስከረም 1731 አንድ ሌሊት ልጁ ወታደር ልኮ አባቱን ከአልጋው አስነሥቶ አስያዘውና ሪቮሊ አምጥቶ አሰረው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ለምንል ሰዎች ነገሩ ለጆሮ ይከብዳል። እኛም አገር የነገሥታት ዘር በአምባ ይታሰር ነበር፤ ግሸንንና ወህኒን ታውቃላችሁ። በአምባ የሚታሰሩት ግን ዙፋኑን ይመኛሉ የተባሉ ልጆችና ወንድሞች ነበሩ። እዚህ ዙፋኑን የለቀቀው አባት ነው በልጁ የታሰረው፣ ለዚያውም ለክብሩ ሊያሠራው በጀመረው ቤት ውስጥ። በጥበቃ ሥር ሆኖ በመስኮት ሲያይ የሚታየው ራሱ ያስቀየሰው ቀጥ ያለ መንገድ ነው። በኋላ ወደ ሞንካሊዬሪ ተዛውሮ በ1732 እዚያ ሞተ።

ይህን ታሪክ ለምን አረዘምሁት? ቤተ መንግሥት ወደ ሙዚየም ሲለወጥ ጎብኚ የሚነገረው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወርቁና ስለ ግብሩ ነው። ቤቱ ግን ማረሚያ ቤትም ነበር። አዳሹ ይህን ካላወቀ ሁሉንም ክፍል እኩል ያብለጨልጨዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጥቂት ሥራ ተሞከረ፣ እርሱም ቆመ። ሳቮያዎች በ1861 የጣሊያን ሁሉ ነገሥታት ሆኑና ዓይናቸው ወደ ሮም ዞረ። በ1883 የሪቮሊ ማዘጋጃ ቤት ቤተ መንግሥቱን ገዛው፤ የጦር ሰፈር ሆነ፣ ከፊሉ ቤተ መጻሕፍት ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጎዳ፤ ከጦርነቱ በኋላ ደግሞ ዝናብ ሲገባበት ኖረ።

አሁን ወደ ሰውየው። አንድሬያ ብሩኖ የቱሪን ልጅ ነው። አፍጋኒስታን ድረስ ሄዶ በጥንታዊ ቅርሶች ጥበቃ የሠራ፣ ፍርስራሽ ማየት የለመደ አርክቴክት ነው። በ1967 ሪቮሊ ላይ ሲጀምር የመጀመሪያ ሥራው ሊወድቅ የደረሰውን መደገፍና የማያስፈልገውን ማንሣት ነበር። ዋናው እድሳት በ1979 ተጀመረ። እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የመጣው፤ የዩቫራ ሞዴል አለ፣ ሥዕሎቹ አሉ። ለምን እንዳሰበው አንጨርሰውም?

ፈተናው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሁላችሁም ነገ ይገጥማችኋል። ባለቤቱ ይመጣና «አሳምርልኝ» ይላል፤ ማሳመር ማለት ለእርሱ ጎዶሎውን መሙላት ነው። ብሩኖ የቀረውን ሁለት ሦስተኛ ቢሠራ ኖሮ ዛሬ ሪቮሊ ላይ የምናየው በ1980ዎቹ የተሠራ የ1718 ቤት ይሆን ነበር። ፎቶግራፉ ያምራል። ንጉሥ አቅም አጥቶ፣ ልብ አጥቶ፣ በመጨረሻም በልጁ ታስሮ የቀረ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም ነበር።

ብሩኖ የጡብ ግድግዳውን እንዳለ ተወው። የተቆረጡት ምሰሶዎች እንደ ተቆረጡ ቆሙ። ሰው ወደ ላይ መውጣት ስላለበት፣ ደረጃም ስለሚያስፈልግ፣ አዲሱን ደረጃ ከላይ የተንጠለጠለ የብረት ደረጃ አድርጎ ሠራው፤ ከአሮጌው ግድግዳ ጋር እንደማይዛመድ እንግዳ ቆሞ ይታያል። ከዚያ ግዙፍ ባዶ የጡብ ግድግዳ ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ፣ አንድ የመስታወትና የብረት ሰገነት ወደ ውጭ አወጣ። እዚያ ውስጥ ስትቆሙ እግራችሁ አየር ላይ ነው፤ ከሥር የተቆረጡት ምሰሶዎች፣ ከፊት ረጅሙ እጅጌ፣ ከሩቅ ደግሞ የበረዶ ተራሮች ይታያሉ። አሮጌው አሮጌ ነው፣ አዲሱ አዲስ ነው፤ የሚያገናኛቸው ስፌት ለዓይን ግልጽ ነው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌቱን ይደብቃል፤ ጥሩ አዳሽ ያሳያል።

ከራሴ ሕይወት አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪ ሳለሁ ለተግባር ልምምድ ወደ አንድ አሮጌ ቤት እድሳት ተመድቤ ነበር፤ የማንና የት እንደ ሆነ አልናገርም። ግድግዳው በኖራ የተለሰነ የድንጋይ ግንብ ነበር። ኖራው እዚህም እዚያም ተላልጦ ነበርና ሁሉም ተፋቀ፤ በምትኩ ሲሚንቶ ተለሰነ፣ ነጭ ቀለም ተቀባ። ለምረቃው ቀን አበባ መሰለ። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ተመልሼ ሳይ ቀለሙ አረፋ አውጥቶ፣ ልስኑ በትልልቅ ቅርፊት እየወረደ ነበር። ኖራ እርጥበትን ያስተነፍሳል፤ ሲሚንቶ ያፍናል። ከተፋቀው ኖራ ሥር ደግሞ የድሮ ሰው በከሰል የጻፈው አንድ መስመር ነበረ፣ የእህል ሒሳብ መሰለኝ፤ አንብቤ ሳልጨርስ ተፋቀ። ያን መስመር እስከ ዛሬ አስባለሁ። ሪቮሊ ግቢ ውስጥ ብዙ ሰዓት ያቆመኝም እርሱ ነው።

ሙዚየሙ ታኅሣሥ 18 ቀን 1984 ተከፈተ፤ በጣሊያን ለዘመናችን ሥነ ጥበብ ተብሎ የተከፈተ የመጀመሪያው ሙዚየም ነው። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሩዲ ፉክስ የሚባል ሆላንዳዊ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጀርመን ካሴል ውስጥ ትልቁን የዶኩሜንታ ትርኢት የመራ ሰው ነው። በነገሥታት ክፍሎች ውስጥ የነገሥታትን ዕቃ መልሶ መደርደር ቀላል መንገድ ነበር። የተመረጠው ግን ሌላ ነው። ይህን ለመረዳት ቱሪንን ማወቅ ያስፈልጋል። ቱሪን የፊያት ከተማ ናት። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ከደቡብ ጣሊያን ገበሬው በባቡር እየተጫነ መጥቶ ፋብሪካ ገባባት። እዚያው ከተማ ውስጥ ወጣት ሠዓሊዎች ሸራና የዘይት ቀለም ትተው በከሰል፣ በአፈር፣ በጆንያ፣ በብረት፣ በእንጨት መሥራት ጀመሩ። ጀርማኖ ቼላንት የሚባል ሐያሲ በ1967 «አርቴ ፖቬራ» ብሎ ጠራቸው፣ ድሃ ጥበብ ማለት ነው። ይህ ድሃ ጥበብ ነው የንጉሡን ቤት የወረሰው።

አንድ ሁለቱን በቅርብ እንያቸው። ሚኬላንጄሎ ፒስቶሌቶ በ1967 የሠራት ቬነስ አለች፣ የጨርቅ ክምር ቬነስ። ነጭ የውበት አማልክት ሐውልት ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ ቆማለች፤ ፊቷ ከቁመቷ በላይ በሚቆለል አሮጌ ጨርቅ ውስጥ ሊገባ ደርሷል። ጨርቁ መርካቶ ሰልባጅ ተራ ላይ የተዘረገፈ ቦንዳ በሉት፤ ቀይ ሹራብ፣ ሰማያዊ ሱሪ፣ አበባማ ቀሚስ። ፒስቶሌቶ ከዚያ በፊት እንደ መስታወት በሚያበሩ ብረቶች ላይ ይሠራ ነበር፤ ጨርቆቹም ብረቱን የሚወለውልባቸው ነበሩ። የሥራው ጓዳ ወደ ሳሎን ወጣ ማለት ነው። በጋለሪ ነጭ ግድግዳ ላይ ይህ ቀልድ ሊመስል ይችላል። ጌጥና ሥዕል በሞላው ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ነገሩ ይጠናል፤ እነዚያን ክፍሎች የሚወለውሉት ሰዎች ጨርቅ የት ነበር ያለው?

ሁለተኛው ፈረሱ ነው። ማውሪዚዮ ካቴላን በ1997 ሠራው፤ ስሙ «ኖቬቼንቶ» ነው፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን እንደ ማለት። ቆዳው ተሞልቶ የደረቀ እውነተኛ ፈረስ ሆዱ ላይ በቆዳ መታጠቂያ ታስሮ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሏል። አንገቱ ወደ መሬት ወርዷል። እግሮቹ ከተፈጥሮ መጠናቸው በላይ ረዝመው ወደ ታች ተጎትተዋል፤ መሬቱን ሊነኩ ይፈልጋሉ፣ አይደርሱም። እኔ ያደግሁት ንጉሥ በፈረሱ ስም በሚጠራበት አገር ነው። አባ ታጠቅ፣ አባ ዳኘው፣ አባ ጠቅል። ለእኛ ፈረስ የንጉሡ ሁለተኛ ስሙ ነው፣ የሚፎከርበት። በንጉሥ ቤት ውስጥ እንዲህ ተሰቅሎ ሳየው መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ቆይቼ ግን ከዚያ ክፍል መውጣት አቃተኝ። ወዳጄ ግንበኛው በበኩሉ ፈረሱን ጨርሶ አላየውም። አንገቱን ቀና አድርጎ ጣሪያውን ይመረምራል። «ማንጠልጠያው የተያዘው የት ላይ ነው?» አለኝ። «ቅስቱ ይህን ክብደት ይችላል?»

የእርሱ ጥያቄ የሙዚየሙ ሁሉ ጥያቄ ነው። ቅርስ በሆነ ግድግዳ ላይ ሚስማር አይመታም። ግድግዳው በጌጥ ልስንና በሥዕል የተሸፈነ ነው፣ ጣሪያውም እንዲሁ። ሥዕል ለመስቀል የማይመች ቤት ነው። ስለዚህ ሥራው ወይ ወለል ላይ ያርፋል፣ ወይ ከላይ ይወርዳል፣ ወይ ለራሱ ግድግዳ ይዞ ይመጣል። ያ ችግር ይመስላል፤ ነገር ግን ሪቮሊን ከሌሎች ሙዚየሞች የለየው ይኸው ነው። ሠዓሊው ከቤቱ ጋር መደራደር አለበት፤ ቤቱ ዝም ብሎ ጀርባ አይሆንለትም። ድርድሩ ሁልጊዜ አይሳካም። ባየሁት ጊዜ በሁለት ክፍሎች ውስጥ ጣሪያው ሥራውን ሙሉ በሙሉ ውጦት ነበር፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ እያየ ያልፋል። ይህንንም ሳልደብቅ ልንገራችሁ።

ረጅሙ እጅጌስ? በ2000 ታድሶ ተከፈተ። የጦር ሰፈር የነበረው ክንፍ ለጊዜያዊ ትርኢቶች ሆነ። መስፍኑ ሥዕል እንዲሰቀልበት ያሠራው ቤት ከአራት መቶ ዓመት ትንሽ ባነሰ ዙር ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1997፣ ዩኔስኮ የሳቮያዎችን መኖሪያ ቤቶች፣ ሪቮሊን ጨምሮ፣ በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «የጣሊያን ነገሥታት ቤት ለእኛ ምናችን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በትክክለኛው ጊዜ የመጣ ጥያቄ ነው።

ሳቮያ ማለት ለእኛ የሩቅ ስም አይደለም። የውጫሌ ውል በዳግማዊ ምኒልክና በንጉሥ ኡምቤርቶ ስም የተደረገ ነው፤ ኡምቤርቶ ሳቮያ ነው። በአድዋ የተሸነፈው ጦር የእርሱ ጦር ነው። የልጁ የቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ሣልሳዊ መንግሥት ደግሞ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ንጉሡ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚል ማዕረግ ለራሱ ጨመረ። የሚቀጥለውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ግን አንድ ነገር ልጠቁም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ በስድስት ኪሎ ግቢ፣ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ደረጃ ላይ ሕዝብ ሰብስቦ ምጽዋት ያድል የነበረው ለምንድን ነው? ከጥቂት ቀናት በፊት ኔፕልስ ውስጥ አንድ ሕፃን ስለ ተወለደ ነው። የሳቮያ አልጋ ወራሽ ልጅ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት በዚያ ሕፃን የልደት ደስታ ላይ ነው፤ በቀጣዮቹ ሦስት ቀናት አዲስ አበባ ውስጥ የፈሰሰው ደምም ከዚያ የተከተለ ነው። ሪቮሊን የሠራው ቤተሰብ ገነተ ልዑል ደረጃ ድረስ መጥቷል።

ገነተ ልዑልም ሙዚየም ሆኗል። ከወረራው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የተሠራው ይህ ቤት ከድል በኋላ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሰ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጊዜ መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተያዙት እዚያ ነበር፤ በአረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ራስ ሥዩም መንገሻ ከሟቾቹ አንዱ ናቸው። ራስ አበበ አረጋይም እንዲሁ፤ አምስት ዓመት ሙሉ ጣሊያንን በዱር ተዋግተው ያልሞቱት አርበኛ በዚህ ሳሎን ሞቱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከዚያ በኋላ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ በ1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ተመሠረተና ሙዚየሙን ይዞ በዚያው ሕንፃ ተቀመጠ።

ይህ ሙዚየም የባሕል ሙዚየም ነው፤ የዘመናዊ ሥዕል ቤት አይደለም። ዘመናዊ ሥዕል ማየት የፈለገ ብዙም ሳይርቅ የዩኒቨርሲቲው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለለት፤ ከጀርመን የተመለሱ የሠዓሊው ሥራዎች እዚያ ናቸው። ነገር ግን አንድ ፎቅ ላይ ያደረጉትን ተመልከቱ። ዕቃውን በብሔር ወይም በክፍለ ሀገር አልደረደሩትም፤ በሰው ልጅ ዕድሜ ነው የደረደሩት። ልደት፣ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞት። የዶርዜው ሸማ፣ የአፋሩ ጊሌ፣ የኮንሶው የመቃብር ሐውልት ጎን ለጎን ሊቆሙ ይችላሉ። ንጉሥ በሚኖርበት ቤት ውስጥ ያልተጋበዘው ሰው ሁሉ ገባበት። ይህን ያሰበው ሰው፣ ሪቮሊን ይወቅ አይወቅ፣ ከብሩኖ ጋር ቢገናኝ ብዙ የሚያወሩት ነበራቸው።

እዚያው ፎቅ ላይ ኮሪደሩን ስትጨርሱ ድንገት የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌ መነን መኝታ ክፍሎች ይገጥሟችኋል። አልጋው እንዳለ ነው። መታጠቢያ ክፍሉም እንዳለ ነው። እኔ ከመላው ሙዚየም የምወደው መታጠቢያ ክፍሉን ነው። የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ ቆሜ አያቸዋለሁ፤ በመስቀሉና በጋሻው ፊት መምህሩ እየጎተታቸው ያልፋሉ፣ ገንዳው ጋ ሲደርሱ ግን ይቆማሉ። ንጉሥም ይታጠባል! አንዱ ሌላውን በክርኑ ይጎሽመዋል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከኋላ ረድፍ ነበር፤ አንድ ወንድማችን «አረንጓዴውን ሳሎን አንተ ብትሆን ምን ታደርገው ነበር?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር ባዶ እተወው ነበር። ምንም ዕቃ አላስገባበትም፣ በሩንም አልዘጋውም። በሩ ላይ የሞቱትን ሰዎች ስም በትንሽ ፊደል እጽፋለሁ፣ መብራቱን አስተካክላለሁ፣ ወንበር አስቀምጣለሁ። ከእኔ የተሻለ ሐሳብ ያለው ካለ ደግሞ እጁን ያውጣ አልሁ። ሦስት ሰው አወጣ፤ አንደኛው ሐሳብ በእርግጥም ከእኔ የተሻለ ነበር። አንድ ወጣት ሠዓሊ በየዓመቱ ይጠራና በዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ሥራ ብቻ ይሥራ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ይነሣ የሚል ነው።

ከሙዚየሙ ፊት ለፊት፣ በግቢው ውስጥ፣ ጠመዝማዛ የሲሚንቶ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ያቆሙት ነው፤ ሙሶሊኒን ለሥልጣን ካበቃው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1922ቱ የሮማ ሰልፍ ጀምሮ ለገዙበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ። ወደ የትም አያደርስም፤ ወደ ላይ ይወጣና አየር ላይ ያበቃል። ከነጻነት በኋላ ያፈረሰው የለም። አናቱ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ። ጡቡን እንደ ተቆረጠ ከተወው ከብሩኖ ሥራ ከብዙ ዓመት በፊት የሆነ ነው።

ለዚህ ንግግር ስዘጋጅ ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ሁለት ሴት ተማሪዎች ከታችኛው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ማስታወሻ እየተቀባበሉ ለፈተና ያጠናሉ፤ መካከላቸው በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ አለ። ይቅርታ ጠይቄ «ይህ ደረጃ ለምን እንደ ተሠራ ታውቃላችሁ?» አልኋቸው። አንደኛዋ ቀና ብላ አንበሳውን አየች፣ መልሳ የተቀመጠችበትን አየች።

«ለመቀመጫ ይመስለኛል፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ቆሎውንም ዘረጋችልኝ። አጠገባቸው ተቀምጬ በላሁ።